የዞረው የአስተርጓሚው ራስ ነው

እኔ ፈሪ ነኝ። ከሰው ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው። አውሮፕላን ሲነሣ የማላውቀውን ሰው ክንድ ጨብጬ አውቃለሁ። በረዶ የጣለ ቀን ከአፓርታማችን በር እስከ መኪናዬ ያለችውን ዐሥር እርምጃ እንደ ዳክዬ እየተንገዳገድኩ ነው የምሄዳት፤ የሰፈራችን የሜፕልዉድ ሕፃናት ከመስኮት ሆነው ይስቁብኛል። እንዲህ ያለ ሰው እንጀራው ሆስፒታል ውስጥ ሊሆን አይገባውም ነበር። ሆነ።

ሐኪም እንዳልመስላችሁ፤ አስተርጓሚ ነኝ። እዚህ ሚኒሶታ ከሴንት ፖል እስከ ብሉሚንግተን ባለ ክሊኒክ ሁሉ እየተጠራሁ በሐበሻ በሽተኛና በፈረንጅ ሐኪም መካከል እቆምና የአንዱን ጭንቀት ለሌላው አቀብላለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት የሰው ኩላሊት፣ የሰው ስኳር፣ የሰው ዕጢ በአፌ ሲያልፍ ኖሯል። "ተሰራጭቷል" የሚለውን ቃል ከተናገርኩ በኋላ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ምሳዬን በልቼ አውቃለሁ። የሰው በሽታ ምላስ ላይ አይቀርም። የራስ ሲሆን ነው ጉሮሮ ላይ የሚቀመጠው።

የሥራችንን ሁለት ሕግ ካልነገርኳችሁ የደረሰብኝ አይገባችሁም። አንደኛው፣ አስተርጓሚ የሚናገረው እንደ በሽተኛው ሆኖ ነው። በሽተኛው "ሆዴን ያመኛል" ካለ እኔ "ሆዱን ያመዋል እያለ ነው" አልልም፤ እኔም በእንግሊዝኛ "ሆዴን ያመኛል" ነው የምለው። በዚህ ሕግ መሠረት እስካሁን ስንት ጊዜ አርግዣለሁ መሰላችሁ፤ አንዴ እንዲያውም መንታ ነበር። ሁለተኛው፣ ያልተባለ አይጨመርም፣ የተባለ አይቀነስም። በዚህኛው ላይ ቀልድ አላውቅም ነበር። ራሔል የምትባል አዲስ አስተርጓሚ ሳሠለጥን፣ የምታለቅስ እናት አይታ "አይዞዎት" ስትል ሰማሁና ኮሪደር ላይ አቆምኳት።

"ሐኪሙ 'አይዞዎት' ብሏል?"

"አላለም።"

"ታዲያ አንቺ ከየት አመጣሽው?"

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እኔ ደግሞ ትልቅ ቁም ነገር የሠራሁ መስሎኝ ክራቫቴን አስተካከልኩ።

ጉዱ የመጣው በሁዳዴ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም አልቀምስም። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሦስተኛ ቀጠሮዬ ነበር፤ ሦስቱንም በቁሜ። በሽተኛው ጋሼ ታምራት የሚባሉ አዛውንት ናቸው፤ ጉልበታቸው ውኃ ቋጥሮባቸው ዶክተሯ በመርፌ ልትቀዳላቸው ነው። ውጭው አጥንት ይሰብራል፤ ክፍሉ ግን እንደ ዳቦ ቤት ይጋግራል። መርፌው ረዥም ነው። እንደገና ልበለው፤ ረዥም ነው። ጋሼ ታምራት እያዩት የአልጋውን ጠርዝ ጨበጡ። እኔ እንኳን ልናገር ትንፋሼንም ረሳሁት።

መጀመሪያ ጆሮዬ ውስጥ ሻወር ተከፈተ። ቀጥሎ ክፍሉ ከዳር ወደ መሐል መጥቆር ጀመረ፤ የዶክተሯ ፊት ብቻ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ቀረ። ጀርባዬን ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀው። በሙያዊ ድምፄ፣ በጥሩ እንግሊዝኛ "እያዞረኝ ነው፤ ልወድቅ ነው" አልኩ።

ዶክተሯ መርፌውን አስቀመጠችና ጋሼ ታምራት ላይ ተወረወረች። "ይተኙ! ጌታዬ፣ ይተኙ!" ነርሷ በበኩሏ ደህናውንም የታመመውንም እግራቸውን አንድ ላይ ወደ ላይ አነሣችው። አዛውንቱ ተዘርረው፣ እግራቸው ተሰቅሎ፣ ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን አልኩ? አንተ ልጅ፣ ምን አልኩ?" አሉ በአማርኛ።

እኔ ደግሞ ሕግ ሕግ ነውና፣ እየወደቅኩ፣ ለዶክተሯ በእንግሊዝኛ "ምን አልኩ?" ብዬ ተረጎምኩላት።

ወለሉን ከመንካቴ በፊት የሰማሁት የመጨረሻ ድምፅ የጋሼ ታምራት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ "እንግሊዝኛ አልሰማም" ብለው በእኔ አፍ ሲታከሙ የኖሩት ሰውዬ፣ እንደ ዜና አንባቢ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ "ኖት ሚ! ሂም! ሉክ አት ሂም!" እያሉ ይጮኻሉ።

ስነቃ ወለል ላይ ነበርኩ። ጣሪያው ላይ ያለውን መብራት እያየሁ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፦ አባቴ።

አባቴ ሊወጣ ሲል ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ፤ ቀና አለ፤ ወደቀ። አልተነሣም። አርባ ሰባት ዓመቱ ነበር። እኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በሩ ላይ ቆሜ እየጠበቅኩት ነበር። "ልቡ ነው" ያሉ ነበሩ፣ "የሰው ዓይን ነው" ያሉም ነበሩ፤ የመረመረው ግን የለም። እኔ ያን ቀን ወለሉ ላይ ስተኛ አርባ ሰባት ሊሞላኝ ሁለት ወር ቀርቶኛል። ለባለቤቴ ለሂሩት እንኳ "አባቴ ታሞ ሞተ" ነው ያልኳት። ስሙን ከጠራሁት የሚመጣብኝ ይመስለኝ ነበር።

በተሽከርካሪ ወንበር ድንገተኛ ክፍል ወሰዱኝ። አስተኝተው የደም ግፊቴን ለኩ፤ አቁመው ለኩ፤ ስቆም ቁጥሩ እንደ ሊፍት ወረደ። አንድ ወጣት ሐኪም ኮምፒውተሩን እያየ ጠየቀኝ።

"በቤተሰብህ ውስጥ በድንገት የሞተ ሰው አለ?"

ይህን ጥያቄ ቁጥር ስፍር ለሌለው ሰው ተርጉሜዋለሁ። መልሱን የሚደብቅ በሽተኛ ሲገጥመኝም በልቤ "ምን ያለው ሞኝ ነው፣ ለሐኪም ይዋሻል?" ብዬ ታዝቤአለሁ።

"የለም" አልኩ።

ወደ ልብ ሐኪም ላኩኝ። ነገሩ እስኪጣራ መኪና መንዳት ክልክል ነው ተባልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ፍርሃት ተሸክሜ መዞር ያዝኩ። ነገሩ ከባድ ከሆነ እሞታለሁ፤ ቀላል ከሆነ ደግሞ መርፌ አይቶ የወደቀ አስተርጓሚ ተብዬ ዕድሜ ልኬን እኖራለሁ። ከሁለቱ የቱን እንደምመርጥ ብትጠይቁኝ፣ አንዳንድ ቀን ያመነታሁበት ጊዜ ነበር።

ሂሩት ዉድበሪ ከተማ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ነው የምትሠራው። ቤታችን ወዲያው የዚያ ቅርንጫፍ ሆነ። የግፊት መለኪያ ገዝታ መጣችና "ተኛ። ተነሥ። ቁም። አታውራ" ትለኛለች፤ ከቁርስ በፊት፣ ከቁርስ በኋላ፣ ከሥራ ስትመለስ ካፖርቷን ሳታወልቅ። ቁጥሩን ታይና ፊቷ ላይ ምንም ሳይነበብ ትጽፋለች።

"ስንት ሆነ?"

"ደህና ነው።"

"ደህና ስንት ነው?"

"አታውራ አልኩህ እኮ፤ ስታወራ ይጨምራል።"

"ይጨምር እንጂ! የእኔ እኮ ችግሩ መውረዱ ነው!"

የዐሥራ አራት ዓመት ልጃችን ሜሮን ከስልኳ ቀና ሳትል "ዳድ፣ ዩ አር ፋይን" ትለኛለች። የእኔ ልጅ ስለሆነች ሳይሆን፣ ይህን ያህል እርግጠኛ ሐኪም እስካሁን አላየሁም።

የልብ ክፍል ሰዎች የልቤን አልትራሳውንድ አነሡና ደረቴ ላይ ደግሞ የክብሪት ቀፎ የምታክል መቅረጫ ለጠፉልኝ፤ ለሁለት ሳምንት። መሐሏ ላይ ቁልፍ አላት። "የሆነ ነገር ከተሰማህ ተጫናት፤ ምን እያደረግህ እንደነበርም በዚህች ደብተር ጻፍ" አሉኝ። ለእኔ እንዲህ ያለ ቁልፍ መስጠት ለሕፃን የእሳት አደጋ ደወል ማቀበል ነው። ከአልጋ ስነሣ ተጫንኩ። ደረጃ ስወጣ ተጫንኩ። ቤተ ክርስቲያን ዲያቆኑ "ተነሡ" ሲል ተጫንኩ። በአምስተኛው ቀን ከልብ ክፍል ተደወለ። ሴትዮዋ በትሕትና "የሚመጣልን ምልክት በዝቶብናል፤ ደህና ነዎት? እባክዎ የምር ካልተሰማዎት አይጫኑ" አለችኝ። ስልኩን ስዘጋ ልቤ እንዴት እንደመታ! ምን አደርጋለሁ፣ ተጫንኩ።

ሂሩት አንድ ቀን የመቅረጫዋን ደብተር አገኘችው።

"ይኼ ምንድን ነው? 'ባለቤቴ ተቀመጥ የምናወራው አለ አለችኝ' ብለህ ጽፈሃል?"

"ያኔ ልቤ ስለመታ ነዋ።"

"ሐኪሙ መድኃኒቱ እኔን መተው ነው ቢልህስ?"

መቅረጫዋ ተነቅላ ሄደች፤ አንድም የሚያስደነግጥ ነገር አልያዘችም። በዚያ ደስ ሊለኝ ሲገባ ጭራሽ ፈራሁ፤ ተደብቆ የቀረ ነገር ከተገኘው ይከፋል። ያኔ ነው የልብ ሐኪሙ የመጨረሻውን ምርመራ ያዘዘው።

ይህን ምርመራ ለሌሎች ተርጉሜዋለሁ፤ "አልጋ ላይ አስተኝተው ያስሩዎታል፤ ከዚያ አልጋው ከነእርስዎ ቀስ ብሎ ይቆማል" እያልኩ። አንዲት እናት "ከዚያስ?" አሉኝ፤ "ከዚያ ራስዎን እስኪስቱ ይጠብቃሉ" አልኳቸው። እኒያ እናት ነጠላቸውን ሰብስበው ሄዱ፤ ተመልሰውም አልመጡ። ያን ጊዜ ስቄ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ግን አስተዋይ ሴት እንደነበሩ ገባኝ። ሰው እንዳይወድቅ የሚለፋ ሐኪም አውቃለሁ፤ ሰው እንዲወድቅለት ቀጠሮ የሚይዝ ግን እዚህ አየሁ።

ሂሩት ነድታ ወሰደችኝ። ጠዋት ምንም አትቅመስ ተብያለሁ፤ ይኼስ የለመድኩት ነው። መጠበቂያው ክፍል ላይ ስንለያይ ኮሌታዬን አስተካከለችልኝና "ግባ" አለችኝ። አንድ ቃል ብቻ።

ክፍሉ ውስጥ መብራቱ ደብዘዝ ብሏል። አልጋው ጠባብ ነው፤ ከግርጌው እግር የሚቆምበት ሳንቃ አለው። ነርሷ ፀጉሯ የሸበተ፣ እጇ የሚሞቅ ሴት ናት። በደረቴና በጉልበቴ ላይ ቀበቶ አሰረችብኝ፤ ክንዴ ላይ መርፌ ሰካች። ወደ ግድግዳው ዞሬ ስለነበር ርዝመቱን አላየሁም። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጠፈች። ከዚያ አንድ ወረቀት አነሣችና እንደ ቀላል ነገር ጠየቀችኝ።

"ከመጀመራችን በፊት ላረጋግጥ ብዬ ነው። በቤተሰብህ ውስጥ በድንገት የሞተ ሰው የለም፤ ትክክል ነው?"

"ትክክል ነው" ልል አፌን ከፈትኩ። እንግሊዝኛው የለም። ዐሥራ አንድ ዓመት የበላሁበት እንግሊዝኛ ድራሹ ጠፋ። "አዎ" እና "አይደለም" እንኳ በየት በኩል እንደሚወጡ ጠፋኝ።

"አባቴ" አልኩ።

"ይቅርታ፣ ምን አልክ?"

"አባቴ። ጫማውን አስሮ ቀና አለ…"

ነርሷ እጄን ያዘችኝ። ደረቴ ላይ የማንጠለጥለውን የአስተርጓሚነት መታወቂያ ብታይ ኖሮ ምን ትል እንደነበር እንጃ፤ ደግነቱ ቤት ትቼው መጥቻለሁ። "ምን ቋንቋ?" አለችኝ። "አማርኛ" አልኩ፤ ይኼን ቃል አልረሳሁትም። ጎማ ባለው ዘንግ ላይ የተሰካ ታብሌት እየገፋች አመጣችና በድምፅ ብቻ ደወለች።

"ጤና ይስጥልኝ፤ እኔ የአማርኛ አስተርጓሚ ነኝ። እዚህ የሚነገረው ሁሉ በምስጢር ይያዛል። እባክዎ አጠር አጠር አድርገው ይናገሩ።"

ራሔል ናት። እኔ ራሴ ያስተማርኳትን መክፈቻ ቃል በቃል ስትወጣው ሰማሁ። ቀበቶውን በጥሼ ብሮጥ በወደድኩ። ግን አንዴ የተጀመረ ዕንባ አይመለስም፤ ነገርኳት። ጫማውን፣ በሩን፣ ዐሥራ ሁለት ዓመቴን፣ አርባ ሰባቱን። "ደብቄ ነበር" አልኩ። "እፈራለሁ" አልኩ።

ማስታወሻ የምትይዝበት እስክሪብቶ ሲቆም ተሰማኝ። ድምፄን ያወቀችው ያኔ ይመስለኛል። ከዚያ በእንግሊዝኛ ጀመረች፤ እንደ ሕጉ፣ እንደ እኔ ሆና። "አባቴ ጫማውን አስሮ ቀና ሲል ወድቆ ሞተ። ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ደብቄ ነበር። እፈራለሁ።"

አንባቢ ሆይ፣ የሰው ሕመም በአፌ ሲያልፍ ስንት ጊዜ "እፈራለሁ" ብያለሁ! በሌላ ሰው አፍ የራሴን ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነው። ከታሰርኩበት ሆኜ እንደ ሕፃን አነባሁ። እጆቼ በቀበቶው ሥር ስለነበሩ ዓይኔን ነርሷ ጠረገችልኝ።

ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣም። የልቤን አልትራሳውንድና የመቅረጫዋን ውጤት ከፍቶ እንደገና አየ። "እንኳን ነገርከኝ። እነዚህ ላይ የሚያስፈራ ነገር አይታየኝም፤ ምርመራውን እንቀጥል፤ እኔም እዚሁ አለሁ" አለ። ራሔል ተረጎመችልኝ፤ አልጨመረችም አልቀነሰችም። ቀጥላ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ "አይዞህ" አለችኝ።

ነርሷ ቀና አለች። "ምን አለችህ?"

"አስተርጓሚዋ ከራሷ ጨምራ አንድ ቃል ተናግራለች፤ ትክክለኛ እንግሊዝኛ አላገኘችለትም" አለች ራሔል፣ በሙያዊ ድምፅ።

"ትድገምልኝ" አልኩ እኔ። እንግሊዝኛዬ የተመለሰው በዚህች ቃል ነው።

አልጋው ቆመ። ነርሷ ደቂቃ ትቆጥራለች፣ እኔ ጸሎት እቆጥራለሁ። ብዙ ቆየን፤ ምንም የለም። ልቤ ሞቅ አለው፤ "እንዲህ ነው እንጂ ወንድ!" ማለት ጀመርኩ። ይህን ያየችው ነርስ ከምላሴ ሥር አንዲት ትንሽ መድኃኒት አደረገችልኝ፤ ሰውነትን ለመውደቅ የሚገፋፋ ነው አለች። ወዲያው ጆሮዬ ውስጥ ሻወሩ ተከፈተ። ላቡ መጣ፤ ክፍሉ ከዳር ጠቆረ። "ይኸው፣ አባቴ ያየው ይህንን ነው" አልኩ በልቤ። ከዚያ ማንም የለም።

ዓይኔን ስገልጥ አልጋው ተጋድሟል፤ ነርሷ ደግሞ ፊቷ በርቶ "ያዝነው!" ትላለች፤ በበረዶ ሐይቅ ላይ ቀዳዳ በስታ ቀኑን ስትጠብቅ ውላ ዓሣ የያዘች የሚኒሶታ ሰው ነው የምትመስለው።

ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ውኃ ሲጎድልብኝ፣ ብዙ ስቆም፣ ሲሞቀኝ፣ ስደነግጥ አንድ የሚሳሳት ነርቭ አለኝ፤ ልቤን "ቀስ በል" ይለዋል፣ የደም ሥሮቼን "ስፉ" ይላቸዋል፤ ደሙ ወደ እግሬ ይወርዳል፣ ራሴ ባዶ ይሆናል። "ልብህ አልታመመም፤ ተሳስቶ የታዘዘ ልብ ነው" አለኝ። ውኃ በብዛት፤ ጨውም ጨምር፤ እስከ ጭን የሚደርስ ጠባብ ካልሲ አድርግ፤ ጆሮህ ውስጥ ያ ድምፅ ሲመጣ የትም ሁን የትም ወዲያው ተኛ፤ በጾም ጊዜ ውኃ እንዳትተው። ነርሷ እዚያው አንድ ትልቅ ጠርሙስ ውኃ ሰጠችኝና ቆማ አስጨረሰችኝ። ሁለተኛም ጨመረችልኝ።

"አባቴስ?" አልኩት።

"የአባትህን ማወቅ አልችልም፤ የመረመረው የለም። የአንተን ግን ዛሬ በዓይኔ አይቻለሁ" አለኝ።

መኪና ማቆሚያው ሕንፃ ውስጥ ሂሩት መሪውን እንደያዘች፣ ሞተሩን ሳትቀሰቅስ ሁሉንም ነገርኳት፤ ካልሲውን ጭምር። ከዚያ እሷን እያየሁ ሳይሆን የፊት መስታወቱን እያየሁ የአባቴን ነገር አወጣሁት።

"አውቃለሁ" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ሳንጋባ በፊት እናትህ ነግራኛለች። 'እሱ እስኪነግርሽ ጠብቂው' አለችኝ፤ ጠበቅኩሃ።"

በዚያ ምንም በማይነበብበት ፊቷ ላይ ዕንባ ወረደ።

"ስትታጠብ በሩ ላይ ቆሜ ነው የማዳምጠው፤ አንተ አታውቅም። ሳሙና በወደቀ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች። ሥራ ቦታ ስልኬ ሲጮኽ አላነሣም፤ መጀመሪያ ግድግዳ እይዛለሁ። ከወደቅህ ጀምሮ ተኝተሻል እንዳትለኝ።" ፊቷን በእጇ መዳፍ ጠረገች። "እስቲ አንድ ደቂቃ ዓይኔን ልጨፍን፣ ከዚያ እንሄዳለን።"

ጭንቅላቷን ወንበሩ ላይ አሳረፈች። አንዱ ደቂቃ አላለቀም፣ ተኛች፤ እጇ መሪው ላይ እንዳለ፣ አፏ ገርበብ ብሎ። ስትተነፍስ ትንሽ ታፏጫለች። ይህን ያህል ዓመት አብረን ስንኖር እንደዚያ ስትተኛ አላየኋትም።

ሁለቱ ጠርሙስ ውኃ በሆዴ ውስጥ ሥራውን ጀምሮ ነበር። መጸዳጃ ቤቱ ከሊፍቱ አጠገብ ነው፤ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። በሩን ብከፍት መኪናው ይንጫጫል፤ ትነቃለች። እግሬን በእግሬ ላይ አጠላልፌ ጥርሴን ነከስኩ።

ከኋላችን የመጣ ሰውዬ ቦታውን የምንለቅለት መስሎት መብራት አበራ፤ ጠበቀ። በመስኮቱ መስታወት በኩል እጄን እያወዛወዝኩ "እለፍ፣ እለፍ" አልኩት። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ሂሩትን አሳየሁት። ሰውዬው አየ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ሞተሩን እንዳያሰማ ቀስ ብሎ አለፈ።